ፊቱን ወዴት አዞራችሁት

በፈረንጅ አፍ «ወደ ቀኝ ታጠፊ» የምትለኝ የስልኬ ሴትዮ አባቴን ታናድደው ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ድምፅዋን በሰማ ቁጥር «ማን ጠየቃት?» ይላል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ወረፋ ያልያዝኩ ሰው ስለሆንኩ፣ «አባዬ፣ እሷ ባትኖር እስካሁን ጠፍተን ደብረ ዘይት ደርሰን ነበር» እለዋለሁ።

«የት እንዳለሽ ሌላ ከነገረሽ፣ አንቺ የት እንዳለሽ አታውቂም ማለት ነው» ይለኛል።

«እሱን ለመርከብህ ንገረው» እላለሁ። አፌ ክፉ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ምን ይደረግ።

አባቴ በወጣትነቱ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። ሥራው የከዋክብትን ከፍታ እየለካ መርከቡ ያለበትን ቦታ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ኮከብ የሚለካው ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን ይመስለዋል። አይደለም። ፀሐይ ጠልቃ፣ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት መስመር ገና ሳይጠፋ፣ የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች ብቅ ሲሉ ነው። ያቺ ጊዜ ካለፈች ኮከቡ ሞልቶ ይተርፋል፣ መስመሩ ግን የለም፤ ከምን ተነስተህ ትለካለህ? ይህን ሲያስረዳኝ እጁን እንደ ውኃ ዘርግቶ ነበር።

ከዚያ ባሕሩም ቀረ፣ መርከቡም ቀረ። አንድ ሻንጣ ይዞ ዶሮ ማነቂያ እናቱ ቤት ገባ፣ ፒያሳ ላይ ሰዓት መጠገን ያዘ፣ አገባ፣ እኔን ወለደ። ስለ ባሕሩ ሲጠየቅ «ውኃ ነው» ብሎ ያልፋል። ማታ ማታ ግን፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ ደጅ ወጥቶ ወደ እንጦጦ ያያል። ከተራራው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብላ የሰሜን ኮከብ አለች። ባሕር ላይ ከፍ ብላ ነበር የሚያያት፤ ወደ ደቡብ በመጣህ ቁጥር ዝቅ ትላለች። «እዚህ ደግሞ ልትወድቅ ትንሽ ነው የቀራት» ይል ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «ከኮከቧ ጋር ካልተሳሳቀ እንጀራ አይወርድለትም» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ከእኛ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ባለሱቅ ነበሩ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ከሰው ሱቅ ተላላኪነት ተነስተው የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። አባቴን «ባሕር የሌለው መርከበኛ» ይሉታል፣ በሰው ፊት፣ ሳያፍሩ። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ አባቴ ለዓመት አያናግረውም። እሳቸው ሲሉት ይስቃል፣ «አንተ ደግሞ ሚዛንህ ራሱ ወደ አንተ ነው የሚያዘነብለው» ብሎ ይመልሳል። ጠዋት በሩን ሲከፍት የጋሼን ሳል ካልሰማ ግድግዳውን ይደበድባል። ከወዲያ «አልሞትኩም፣ ተኛ» የሚል ድምፅ ይመጣል።

አንድ ጊዜ የጋሼ ልጅ አዲስ ስልክ ገዝቶ ቂብላን፣ የስግደቱን አቅጣጫ፣ የሚያሳይ ቀስት ጫነበት። ጋሼ የሚሰግዱት ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ በሯ ብረት፣ መደርደሪያዋ ብረት። መስጊዱ ወዴት እንደሚያይማ አገር ያውቀዋል፤ ክፍሏ ግን ጠማማ ናትና እዚያ ውስጥ ሲገቡ አቅጣጫው ይምታታባቸው ነበር። ቀስቱ መፍትሔ ይሆናል ሲባል እሱ ብሶ ቁጭ አለ። አንዴ ወደ ሳሙናው መደርደሪያ፣ አንዴ ወደ እኛ ወጥ ቤት ይዞራል። ጋሼ ተናደው አባቴን ጠሩት።

«እኔ ወደ አንተ ድስት ልሰግድ ነው?» አሉት።

አባቴ ስልኩን ይዞ ክፍሏ ውስጥ ዞር ዞር አለ። «ብረቱ ነው ያሳበደው» አለ። «መርከብ ላይም እንዲሁ ነው፤ ብረት አጠገብ ያለ ኮምፓስ አይታመንም። ይሄ ስልክ የት እንደቆምክ ከሰማይ ይነገረዋል፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ወዴት እንደዞርክ ግን አያውቅም።»

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጋሼን ደጅ አውጥቶ ኮከቧን አሳያቸው። መካ ከእኛ ወደ ሰሜን ናት፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ። ከደጅ ጀምሮ ጠመኔ እየሳበ መስመሩን በበሩ አስገብቶ ክፍሏ ወለል ላይ አሰመረላቸው። ጋሼ ምንጣፋቸውን በመስመሩ ልክ አነጠፉና ሰገዱ። ሲጨርሱ አባቴን ትክ ብለው አዩት፤ ለእሳቸው ይሄ ብዙ ነው።

የሁለቱ ኪዳን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ከዘመድ ቀብር ተመልሰው እኛ በር ላይ ተቀመጡ። እኔ ሻይ ይዤላቸው ቆሜ ነበር።

«ስሞት ልጆቼ ስልክ ይዘው ነው መቃብሬ ላይ የሚዞሩት» አሉት አባቴን። «አንተ ና። ፊቴን አይተህ ልክ ነው ሳትል አፈር እንዳይመልሱብኝ።»

«እኔ ብቀድምህስ?»

«አንተ ባሕር ሳታገኝ ወዴት ትሄዳለህ?»

ሳቁ። ከዚያ ጋሼ ሳቃቸውን አቁመው እጃቸውን ዘረጉ፣ አባቴም ጨበጣቸው። እንዲያ ሲጨባበጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ማንም አልጠጣውም።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ለእኛ በከተማው አንዱ ዳር፣ ለእነሱ በሌላው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰ። አንድ ግድግዳ የነበረው ግማሽ ቀን መንገድ ሆነ። ቤቱ መጥፎ አይደለም፤ ውኃ አለው፣ መጸዳጃው የብቻችን ነው፣ እግዜርን ላማርር አልፈልግም። አባቴ ግን ሰዓት መጠገኑንም ተወው። «ደንበኞቼ ተበተኑ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ማታ ማታ ሰገነት ላይ ወጥቶ ለጋሼ ይደውላል።

«አየሃት?» ይላሉ ጋሼ። የእሳቸው ቤት ወደ ሰሜን መስኮት የለውም።

«ቦታዋ ላይ ናት» ይላል አባቴ። «ንቅንቅ አላለችም።»

«እሷስ አልተነሳችም፤ የተነሳነው እኛ ነን» ይሉታል ጋሼ። ይሄው ነው ወሬያቸው። እኔ ወጥ እያማሰልኩ እሰማለሁ፣ «ሁለት ያረጁ ሕፃናት» እያልኩ እስቃለሁ።

ጋሼ ያረፉት ግንቦት ውስጥ ነው። ልጃቸው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ለአባቴ የነገርኩትም እኔ ነኝ። አላለቀሰም። «ሥርዓቱ መቼ ነው?» ብቻ አለ። የሙስሊም ጀናዛ አያድርም፣ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ነው ተብሏል። አባቴ ኮቱን አምጪ አለኝ፣ ክራባቱን ሲያስር ስቶ ሁለት ጊዜ ፈታው። እኔ ላስርልህ ብለው እጄን መታኝ። «ቶሎ በይ፣ ሳልደርስ አፈር እንዳይመልሱበት» አለ።

የጋሼ ልጅ የለቅሶ ቤቱን ሎኬሽን በድሮ ሰፈር ሰዎች ግሩፕ ላይ ልኮት ነበር። ተጫንኩት፣ ሴትዮዋ መናገር ጀመረች፣ ነዳሁ። አባቴ ያን ቀን «ማን ጠየቃት?» አላለም። ጭራሽ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ያስተረጉመኝ ነበር።

መንገዱ ወደ ፒያሳ ወሰደን። ምኒልክ አደባባይን ዞርን፣ ቁልቁል ወረድን። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ወደ ቤት ነን» አለ ቀስ ብሎ። እኔም በሆዴ አዎ፣ ወደ ቤት ነን አልኩ። እንግዲህ ፍረዱ፤ የጋሼን አዲሱን ቤት አውቀዋለሁ፣ ለኢድ ሁለቴ ሄጄ በልቼ መጥቻለሁ። ሰፈሩ ሲፈርስም ቆሜ አይቻለሁ። ሴትዮዋ «ደርሰሻል» እስክትል ድረስ ግን የሆነ ነገር ተሳስቷል የሚል ሐሳብ ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም።

የደረስነው ሣር ላይ ነው። አዲስ ሣር፣ አበባ፣ የሚያምር የእግር መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ። እዚያ ሣር ዳር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ጠጋ ስል ሁሉንም አወቅኋቸው። ፀጉር አስተካካያችን አለ። ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት የነበራቸው እማማ አሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ከኋላችን አንድ ታክሲ ቆሞ ሁለት የድሮ ጎረቤቶች ወረዱ። እነሱም ስልካቸውን፣ ከዚያ ሣሩን፣ ከዚያ እኛን አዩ።

«ድንኳኑ የታለ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ያን ጊዜ ነው የገባን። ልጁ በድንጋጤ «ቤት» የሚለውን ነክቶ ልኮታል፤ ስልኩ ላይ ቤት ማለት ደግሞ የድሮው ቤት ነው፣ አልቀየረውም። እሱስ ይሁን፣ አባቱ ሞቶበታል። እኛ ግን? ከከተማው ዳር ዳር ተነስተን፣ አንዳችንም ሳይገርመን፣ አንዳችንም ደውለን ሳንጠይቅ፣ የሌለ ቤት ለቅሶ ልንደርስ መጣን።

«እኔማ» አሉ እማማ፣ «ዛሬስ መንገዱ አልጠፋኝም እያልኩ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እማማ ማልቀስ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ለጋሼ ብቻ እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን። የሚያልፉ ወጣቶች ፎቶ የሚነሱበትን ቦታ ትተው ያዩን ጀመር፤ ጥበቃው መጥቶ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ዳር ቆመ። እኔም አለቀስኩ።

አባቴ ብቻ አላለቀሰም። ክንዴን ጨብጦ «ለልጁ ደውይለት» ይለኛል። «ደውይለትና ጠብቁኝ በይው።» ደወልኩ፣ አይነሳም። አሁንም ደወልኩ። ሶላት ላይ ይሆናል፣ ጀናዛውን ተሸክሞ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ የማላውቀው ሰው አንስቶ «ኮልፌ መቃብር ነን፣ ሊገባ ነው» አለኝና ተቋረጠ።

ከፒያሳ ኮልፌ የሄድንበትን መንገድ ማውራት አልፈልግም። መኪናው እንደ ቀብር ሰልፍ ነው የሚሄደው፣ እኔም ያልሰደብኩት ሹፌር የለም። መሀል መንገድ ላይ ስልኬ ባትሪው አልቆ ጥፍት አለ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ በየትኛው አፌ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊት እያየ፣ «አደራ ነበር እኮ» ይላል፣ ደግሞ «አደራ ነበር» ይላል።

ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ሰዉ ተበትኗል። ሴት ወደ መቃብሩ መግባቷ የተለመደ አይደለም፤ አባቴ ግን ያለ እኔ ክንድ ከተራመደ ቆይቷል። ጉልበቱ ነው እል ነበር። የጋሼ ልጅ ብቻውን ትኩስ አፈሩ አጠገብ ቆሟል። አባቴን ሲያይ ሮጦ መጥቶ አቀፈው።

«ልጠብቅዎት ብዬ ነበር አባባ» አለው። «ለመንኳቸው። ጀናዛ አይቆይም አሉኝ።»

«ልክ ናቸው፣ አይቆይም» አለ አባቴ። የልጁን ጀርባ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ፊቱን ወዴት አዞራችሁት?»

ልጁ በእጁ አሳየው።

«በምን አያችሁ?»

«በሌሎቹ መቃብሮች ነው አባባ። እንደ ጎረቤቶቹ አደረግናቸው።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ልጁን «አንተ ሂድ፣ ቤትህ ሰው ሞልቷል፣ እኛ እንመጣለን» አለው። ልጁ ስለ ሎኬሽኑ ይቅርታ ሊል ሲጀምር «እሱ ልክ ነበር» አለው። «ቤታችሁ እዚያው ነው።» ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ሄደ።

ቀረን፣ እኔና አባቴ። «ትንሽ ቆመን ኮከቧን እንያት፣ አሁን ትወጣለች» አለኝ። ቆምን። ቀን ላይ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሰማዩ ታጥቦ ጥርት ብሏል፤ እንዲህ ያለ ሰማይ አዲስ አበባ ላይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ ወጡ። አባቴ አገጩን ቀና አድርጎ እንደ ድሮው ቆሟል። ብዙ ቆየ።

«ደመና ነው» አለ።

ዞሬ አየሁት። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፣ ወደ ሰማይ ነው የሚያዩት፣ ግን ምንም ላይ አላረፉም። የማታ ማታውን ስልክ አሰብኩ፣ ሰዓት መጠገን የተወበትን ቀን፣ ክራባቱን ሲያስር የሳተውን። ከመቼ ጀምሮ ነው? ወጥ ሳማስል፣ ስስቅ፣ ስንት ጊዜ ነው አጠገቤ የጨለመበት?

«ደመና ነው አይደል?» አለኝ፤ አሁን እየጠየቀኝ ነበር።

«አዎ አባዬ» አልኩት። «ጥቁር ደመና ነው። ምንም አይታይም።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ትከሻው ወረደ። ከዚያ በሕይወቱ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። «እስቲ ስልክሽ ምን ይላል?»

ባትሪው ያለቀውን ስልክ ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጄ ያዝኩ። ወደ ላይ አየሁ። በልጅነቴ እንዳሳየኝ የጭልፋውን አፍ ሁለት ኮከቦች ያዝኩ፣ በእነሱ መስመር ወደ ተራራው ወረድኩ። አለች፤ ትንሽ፣ ደብዛዛ፣ ብቻዋን። ከእሷ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል አልኩና ዓይኔን ወደ መሬት አወረድኩ። መቃብሩ አግድም ተኝቷል፤ የጋሼ ፊት ያለበት ጎን በትክክል ወደዚያ ነው። እንዳልሳሳት እንደገና አየሁ። እንባዬ ስላስቸገረኝ ጠርጌ ሦስተኛ አየሁ።

«ልክ ነው ይላል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነው? ብረት የለም አጠገባችን?»

«የለም አባዬ። አፈር ብቻ ነው። እርግጠኛ ነው።»

አባቴ ክንዴን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተንበረከከና መዳፉን እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፈ።

«ልክ ነህ» አለው ጓደኛውን። «ስልኩ ነው ያየልህ፤ አትቀየመኝ። ደመናው ባይኖር እኔው ራሴ አይቼ እነግርህ ነበር።»